ለልጅ ስካንዲኔቪያዊ ስም ማውጣት፦ ከሥሩ እስከ ልደት ሰርተፊኬቱ

አዲስ አበባ ለሚወለድ ልጅ የስዊድን፣ የኖርዌይ ወይም የዴንማርክ ስም የሚፈለግበት ምክንያት ብዙ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ከዚያ አገር ይሆናል፤ አያቶቹ ኦስሎ ወይም ስቶክሆልም ይኖሩ ይሆናል፤ አለዚያም ቤተሰቡ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ከሰሜን አውሮፓ ሚሲዮናውያን ጋር የቆየ ትስስር አለው። ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ኢትዮ-ስዊድን ይባል ነበርና ከተማው ከእነዚህ አገሮች ሰዎች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው።

ስሙን ማግኘት ቀላል ነው። ኢንተርኔት ላይ ዝርዝሩ ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ስም አጠገብም አንዲት ቃል «ትርጉም» ተብላ ተቀምጣለች። ችግሩ የሚመጣው ያቺን ቃል አምነው ስሙን ካጸደቁ በኋላ ነው። ትርጉሙ ግማሽ ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ስሙ አራት ኪሎ ላይ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ወይም ወረዳው የጻፈውና ኤምባሲው የሚጠብቀው አጻጻፍ አይገጥምም። ስለዚህ አንድን ስም በሦስት ነገር ሳትፈትኑ አትቁረጡ፦ በሥሩ፣ እዚህ ሲጠራ በሚሰጠው ድምፅና በሁለቱ ፊደላት በሚጻፍበት መንገድ።

መጀመሪያ፣ በአማርኛ ምን ትሉት ነበር?

ወረቀት አውጡና ለልጁ በአማርኛ ልታወጡለት የምትችሉትን ሦስት አራት ስም ጻፉ። የእኛ ስም ይናገራል። ተስፋዬ፣ ካሣ፣ ማስረሻ፣ ስንታየሁ የወላጅ ንግግር ናቸው፤ ስሙን የሰማ ጎረቤት ያ ቤት ምን እንዳለፈበት ይገምታል። የጥንት ሰሜናውያን፣ ማለትም የስካንዲኔቪያ ሰዎች፣ ስም ግን በአብዛኛው እንዲህ አይደለም። ሁለት ሥር ተጋጥሞ የሚሠራ ነው፤ ሥሮቹም ብዙ ጊዜ ከአባትና ከእናት ወገን ከነበሩ ስሞች ይወሰዱ ነበር። ዓላማው ዘርን ማስታወስ እንጂ ዓረፍተ ነገር መሥራት አልነበረም። ሲግሪድ ውስጥ «ድል» እና «ውብ» የሚሉ ሥሮች አሉ፤ አንድ ላይ «ውብ ድል» ብሎ ማንበብ ግን የኛ ልማድ ነው። ሲግሪድ የምትባል ስዊድናዊት ስሟ ሲጠራ ድልም ውበትም አይታሰባትም፤ ምናልባት አያቷ ትታሰባት ይሆናል።

ስለዚህ ከትርጉም ዝርዝር ከመነሣት ይልቅ ከራሳችሁ ሐሳብ ተነሡና አቻውን ፈልጉ። ሕይወት ብላችሁ ከሆነ ሊቭ አለላችሁ። በዛሬው ኖርዌይኛና ስዊድንኛ ቃሉ ራሱ ሕይወት ማለት ነው፤ የስሙ የጥንት ሥር ደግሞ «ጥበቃ፣ ከለላ» ነው፤ ለልጅ ሁለቱም ያምራሉ። የቅድስት ቀጥተኛ አቻ ሄልጋ ነው፣ ለወንድ ሄልገ። ሉል ላላችሁ ማርግሬታ፤ ከግሪክ የመጣና ዕንቁ ማለት የሆነው ይህ ስም በዴንማርክ ማርግሬቴ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2024 በዙፋን የቆየችው ንግሥት ስም ነው። ንጋት ካላችሁ ዳግኒ፤ «ቀን» እና «አዲስ» ከሚሉ ሥሮች የተሠራ ነው፣ እኛ ከምናወጣው ስም ጋር በጣም ከሚቀራረቡት አንዱ ይመስለናል። ለጽጌ ሊኔያ አለ፤ ስሙ የመጣው ለስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ለካርል ሊኔ (1707–1778) መታሰቢያ ከተሰየመች ትንሽ የጫካ አበባ ነው። ፀሐይ ያላችሁ ሶልቬይን ትወዱት ይሆናል፤ ሁለተኛው ሥር «ብርታት» ሲሆን የመጀመሪያውን ግን ሊቃውንት «ፀሐይ» ወይም «አዳራሽ፣ ቤት» ይሉታል። ዝርዝሮቹ «የፀሐይ ብርታት» ብለው ሲጽፉ ከሁለቱ አንዱን መርጠው ነው።

ለወንድ ልጅ ላይፍ «ወራሽ፣ ተወላጅ» ነው። ማግኑስ የላቲን ቃል ነው፣ «ታላቅ»፤ ሰሜኑ ግን ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የራሱ አድርጎታል። ትሪግቬ «ታማኝ፣ የሚታመኑበት» ማለት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ትሪግቬ ሊ በዚህ ስም ይታወቃል። ከእሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 የመራው ስዊድናዊው ዳግ ሃመርሾልድ ነው፤ ዳግ ማለት «ቀን» ነው።

ሥሮቹን ለይታችሁ እወቁ

ከአሥር አሥራ አምስት የማይበልጡ ሥሮችን የያዘ ሰው ዝርዝር ሳይገልጥ ግማሹን ስም ራሱ ይፈታል። ሲግ ድል ነው። ፍሪድ በስም መጨረሻ ሲመጣ «ውብ፣ ተወዳጅ» ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍ ትዋጥና ሪድ ብቻ ይቀራል። አስ «አምላክ» ነው፣ ከክርስትና በፊት ከነበሩት አማልክት አንዱ ማለት። ኢንግ የአንድ አምላክ ስም ነው። እንግዲህ አስትሪድ «አምላክ» እና «ውብ»፣ ኢንግሪድ «ኢንግ» እና «ውብ» ናቸው። ዝርዝሮች ሁለቱንም «ቆንጆ» ብለው ሲያልፉ የመጀመሪያውን ግማሽ ቆርጠው ጥለዋል።

ሩን ምስጢር ነው፤ ስለዚህ ጉድሩን «አምላክ» እና «ምስጢር»። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ጉድ አምላክ ሲሆን ጉን ግን ጦርነት ነው። ጉናር «ጦርነት» እና «ሠራዊት» ነው። ጉንሂልድ ደግሞ ሁለቱም ሥሮቿ ውጊያ ናቸው፤ ሂልድም ውጊያ ነውና። ለሴት ልጃቸው ሰላም ለማለት ያሰቡ ወላጆች በድምፁ ተማርከው ሂልዳ ቢሉ ያወጡት ተቃራኒውን ነው። በሰሜን ማንም በዚህ አይከፋም፤ በትርጉም የምትመርጡ ከሆነ ግን ልታውቁት ይገባል።

ሪክ «ኃያል ገዥ» ነው፤ ኤሪክ ውስጥ ከፊቱ ያለው «ሁልጊዜ» ወይም «ብቸኛ» ተብሎ ይፈታል። ሃራልድ ውስጥ ሠራዊትና ገዥነት አሉ። ሆኮን «ከፍ ያለ» እና «ልጅ፣ ዘር» ነው። ኡላቭ፣ በስዊድን ኡሎፍ፣ «የቀድሞ አባት» እና «ቅሪት፣ ተተኪ» ነው፤ አያቱ ካረፉ በኋላ ለተወለደ ልጅ ከዚህ የሚሻል አይገኝም። ቢዮርን ድብ ነው፣ ኡልፍ ተኩላ፣ ዩልቫ ሴት ተኩላ፣ ስቴን ድንጋይ፣ ስቬን ወጣት ወንድ። ቶርስተን የነጎድጓድ አምላክ የሚባለው ቶር ስምና ድንጋይ ነው። ቦርግ ምሽግ ወይም ጥበቃ ነው፣ ኢንገቦርግ ላይ እንደምናየው።

ዝርዝሮች የሚያሳስቱበት ሌላም ቦታ አለ፤ የፊንላንድ ስሞችን ከስካንዲኔቪያ ጋር ይቀላቅላሉ። ፊንላንድኛ ዘሩ ከስዊድንኛ፣ ከኖርዌይኛና ከዴንማርክኛ ጋር አይገናኝም። አይኖ የፊንላንድ ስም ነው፣ ትርጉሙም «አንዲት ብቻ»፤ በእነዚህ ሥሮች ልትፈቱት ብትሞክሩ የትም አያደርሳችሁም።

ዮሐንስን እዚያም ታገኙታላችሁ

ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች የሚሹት ሁለት ስም ሳይሆን በሁለቱም ወገን የሚቆም አንድ ስም ነው። ለዚህ የቅዱሳን ስሞች ይቀድማሉ። ዮሐንስ በሰሜን ዮሃን፣ ያን፣ ዮን፣ ሃንስ፣ የንስ ሆኖ ይገኛል፤ አምስቱም አንድ ስም ናቸው። ጴጥሮስ ፔር፣ ፔደርና ፔተር ይባላል። እንድርያስ አንደርስ፣ ኒቆላዎስ ኒልስ፣ ያዕቆብ ያኮብ፣ ማትያስ ማትስ፣ ካትሪና ካሪን ይሆናሉ። ኤልሳቤጥ ሊስቤትና ኤልሳ ትሆናለች፤ ማርያም ማሪያና ማያ። ፒያሳ ጊዮርጊስ ክርስትና ለሚነሣ ልጅ የዴንማርክና የኖርዌዩ ዮርገን ወይም የስዊድኑ ዮራን ያው ጊዮርጊስ ነው፤ ለእስጢፋኖስም ስቴፋን ወይም ስታፋን አለ። ሃና፣ ማርታ፣ ሩት፣ ኤልያስ፣ ዳንኤል ከነመልካቸው ይሻገራሉ፤ ሕፃኑ የት እንደሚያድግ ገና ላልወሰነ ቤት ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ስለ ጣዖት ስም ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ከአያቶች ፊት ሳትደርሱ መልሱን ያዙ። ቶር፣ ኦዲን፣ ፍሬያ፣ ባልደር በቀጥታ የአማልክት ስሞች ናቸው፤ ፍሬያ ቃሉ «እመቤት» ማለት ቢሆንም የፍቅር አምላክ የምትባለው ስም ነው። አስትሪድና ኢንግሪድ ግን በውስጣቸው ሥሩ ይኑር እንጂ ክርስቲያኖች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠሩባቸው የኖሩ ናቸው። ኡላቭም በክርስትና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1030 ስቲክለስታድ ላይ የሞተው ንጉሥ ኡላቭ የኖርዌይ ቅዱስ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1086 ኦደንሴ የተገደለው ንጉሥ ክኑት አላት፤ ስዊድን ደግሞ ቢርጊታ (1303–1373) እና ንጉሥ ኤሪክ። ቤቱ አጥባቂ ከሆነ በቀጥታ የአምላክ ስም የሆኑትን ትታችሁ ከእነዚህ ምረጡ። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የክርስትና ስም ለብቻው ስለሚሰጥ መጠሪያው ሌላ መሆኑ ሥርዓቱን አያውከውም።

በነገራችን ላይ ስዊድኖችም እንደኛ ስምን ከቀን ጋር ያያይዛሉ። የቀን መቁጠሪያቸው ላይ በየዕለቱ ማለት ይቻላል ስም ተጽፏል፤ ባለስሙም በዚያ ቀን እንኳን አደረሰህ ይባላል። ኡሎፍ ሐምሌ 22፣ ኤሪክ ግንቦት 10፣ ቢርጊታ መስከረም 27 ላይ ይውላሉ። ልጁ የተወለደበትን ቀን እዚያ ላይ ማየት ከምርጫ መንገዶች አንዱ ነው።

ጮክ ብላችሁ ጥሩት

በዚህ ፈተና ብዙ የሚያምሩ ስሞች ይወድቃሉ። ፍሪዳ በሰሜን የተወደደ የሴት ስም ነው፤ እዚህ ግን ፍሪዳ ለድግስ የሚጣል ሰንጋ ነው። ልጅቷ በፋሲካ ማግስት ክፍል ስትገባ የሚጠብቃትን ለመገመት አያስቸግርም። ኢዳ እዚያ በየመንደሩ ያለ ስም ነው፤ በኛ አፍ ትንሽ ሲላላ «ዕዳ» ይሆናል። ሄዳ የሄድቪግ አጭር መጠሪያ ነው፤ ሕፃን ሲያማት «ሄዳ» እያሉ መጥራትን የትኛዋም አያት አትችለውም። ሲሪ ከሲግሪድ የወጣ ቢሆንም ከሱሪ አይርቅም፤ ስልክ ውስጥ የምትመልሰዋም ሲሪ አለች። ሳጋ «ትረካ» ማለት ነው፣ የልጆች አፍ ግን በአንድ ቀን ሥጋ ያደርገዋል። ጉሮ ወደ ጓሮ ያመራል። ጉድሩንን ደግሞ ስም አሳጣሪ ሁሉ የሚቆርጠው የት ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው።

አንዳንዱ ድምፅ ቢመሳሰልም አይጎዳም። ላርስ «ላርስ ነው» ከሚል ገበሬ አፍ የወጣ ይመስላል፤ ማረስ ነውር አይደለምና ልጁን አያሳፍረውም። ኤባ ላይ ግን ቆም በሉ። በስዊድን የሴት ስም ነው፤ በኦሮምኛ ምርቃት ማለት ሲሆን ወንድ ልጅ ይጠራበታል። ትርጉሙ እጅግ መልካም ነው፣ ነገር ግን ሴት ልጃችሁ በየመዝገቡ «ወንድ» እየተባለች ማስታረም ይኖርባታል። በሰሜንም ሴትና ወንድን በመጨረሻ ድምፅ መለየት አይቻልም፤ ሊቭ፣ ሶልቬይና ጉድሩን ሴት ናቸው፣ ኦላ፣ አርነና ሄልገ ወንድ ናቸው። አማርኛ ስትጣሩ አንቺና አንተ መለየት ግድ ስለሆነ ይህን ለቅርብ ሰዎች አስቀድማችሁ ንገሩ።

እዚህ ሲመጡ የሚያምሩም አሉ። ፍሬያ ወዲያው ፍሬ፣ ፍሬዬ ትባላለች፤ የጣዖቱ ጥያቄ ለማያሳስበው ቤት ከዚህ የተሻለ የሚገጥም የለም። ዳግ ከዳግም እና ከዳግማዊ ቁልምጫ ጋር ይገናኛል፤ ዳጊ ብሎ የሚጠራው ጎረቤት የውጭ ስም መሆኑን ላያውቅም ይችላል። ማያ አማርኛ ይመስላል።

ቁልምጫውን መፈተን የሚረሳ ነገር ነው። «ዬ» ጨምሩበት፤ ካልያዘ አጭሩን ፈልጉ። አስትሪድ አስትዬ፣ ኢንግሪድ ኢንጉዬ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትሪግቬ ግን ያስቸግራል። ከዚያ ከአባት ስም ጋር አንድ ላይ፣ መምህር ስም ሲጠራ እንደሚያነበው፣ አሥር ጊዜ በሉት። ማግኑስ ተስፋዬ ይፈሳል። ስቬን እስክንድር ግን ምላስ ይይዛል፤ ስ ተነባቢ ተከትላት ስትጀምር የኛ አፍ «እ» ያስቀድማልና እስቬን እስክንድር ይሆናል።

ትውልዱንም አጣሩ፤ ይህ ከትርጉም በላይ እዚያ የሚሰማ ነገር ነው። ኡልፍ፣ ቢርጊታ፣ ጉናር፣ ቦዲል ለዛሬ ሕፃን ሲወጡ ለስዊድናዊ ወይም ለዴንማርካዊ ጆሮ ማንጠግቦሽ የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ እንደማግኘት ነው። ስሙ መጥፎ አይደለም፣ ዕድሜው ነው የማይገጥመው። አስትሪድ፣ ኢንግሪድ፣ አልማ፣ ኖራ፣ ፍሬያ፣ ያኮብ ደግሞ ተመልሰው የልጆች ስም ሆነዋል። የሦስቱም አገሮች የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ ለሕፃናት የወጡ ስሞችን ብዛት ያወጣሉ፤ ስም አስገብቶ ስንት ሰው እንደሚጠራበት መፈለጊያም አላቸው። የመረጣችሁት ስም እዚያ ከሌለ ዝርዝር ሠሪ የፈጠረው «የቫይኪንግ ስም» ሊሆን ይችላል።

አጻጻፉ፦ አብዛኛው ጣጣ የሚፈጠርበት

የስካንዲኔቪያ ፊደል ከእንግሊዝኛው ሦስት ተጨማሪ ሆሄዎች አሉት። አንዷ ክብ የተደፋባት ኤ (å) ናት፤ ወደ «ኦ» ትጠጋለች። ሁለተኛዋ በስዊድን ሁለት ነጥብ ያላት ኤ (ä)፣ በዴንማርክና በኖርዌይ ኤ እና ኢ ተጣብቀው የሚጻፉባት (æ) ናት፤ ድምፅዋ ወደ «ኤ» ይሄዳል። ሦስተኛዋ በስዊድን ሁለት ነጥብ (ö)፣ በሌሎቹ ሰያፍ መስመር (ø) ያላት ኦ ስትሆን በአማርኛ ልክ የሚሆናት የለም፤ «ኧ» ከ«ኦ» ይልቅ ይቀርባታል። የዴንማርኩን ሶረን «ሰረን» ብሎ መጻፍ ለዚህ ነው የሚሻለው።

እነዚህን ሆሄዎች የአዲስ አበባ ጸሐፊ ከእነ ምልክታቸው አይጽፋቸውም። ክቡ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን ኦሳን ተመልከቱ። «አምላክ» ከሚለው ሥር የወጣ የስዊድን የሴት ስም ነው፤ ክቧ የጠፋችበትን የላቲን ጽሑፍ ያየ ሰው መልሶ በአማርኛ ሲጽፈው «አሣ» ይሆናል። ዓለም አቀፉ የፓስፖርት ደንብ መፍትሔ አለው፦ ፓስፖርቱ ግርጌ ማሽን የሚያነበው መስመር ላይ ክብ ያላት ኤ ሁለት ኤ ሆና ትጻፋለች፣ ሦስተኛዋ ሆሄ ኦ እና ኢ፣ ተጣባቂዋ ኤ እና ኢ ይሆናሉ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. እስከ 1917፣ ዴንማርክ እስከ 1948 ባለ ክቧን ድምፅ በሁለት ኤ ነበር የሚጽፉት፤ ሆኮንን ዛሬም በሁለት ኤ የሚጽፉት አሉ። ስለዚህ ልዩ ሆሄ ያለበትን ስም ከወደዳችሁ በላቲን አጻጻፉ ላይ የፓስፖርቱን መንገድ ተከተሉ። ምክራችን ግን ከዚህም ቀላል ነው፦ ኢንግሪድ፣ ሊቭ፣ ኤሪክ፣ ማግኑስ፣ ካሪን፣ ኖራን የመሳሰሉ ምንም ልዩ ሆሄ የሌላቸውን ብትመርጡ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በየመስኮቱ ከማስረዳት ይድናል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጄ የምትባለዋ የላቲን ሆሄ ናት። በሰሜን «ይ» ናት። ዮሃን፣ ፍሬያ፣ ማያ በጄ ይጻፋሉ፤ እንግሊዝኛ የለመደ ጸሐፊ ጆሃን፣ ፍሬጃ፣ ማጃ ብሎ ያነባቸዋል። በተቃራኒው «ፍሬያ» የሚለውን አማርኛ አይቶ በላቲን ሲጽፍ ዋይ ያስገባል። ሁለቱም አጻጻፎች አሉ፤ ዋናው ነገር አንዱን መርጦ ሁሉም ወረቀት ላይ ማጽናት ነው። የስዊድን ወረቀት የሚኖረው ልጅ ከሆነ ጄን ያዙ።

አጠራሩም ከአጻጻፉ የሚርቅበት ጊዜ አለ። ኖርዌዮች አስትሪድንና ኢንግሪድን ድን ውጠው አስትሪ፣ ኢንግሪ ይላሉ፤ ስዊድኖች ግን ድን ይጠሩታል። ሶልቬይ በላቲን ሲጻፍ መጨረሻዋ ላይ ጂ አለች፣ አትነበብም። የስዊድኑ ቡ በላቲን የሚጻፈው በኦ ነው። ሲግኔ ስትጠራ ሲንግኔ ናት። በአማርኛ የምትጽፉት እንደሚጠራው ነው ወይስ እንደሚጻፈው? እንደሚጠራው ጻፉ፤ ፊደላችን የተሠራው ለዚህ ነው፣ ላቲኑ ደግሞ አጠገቡ አለ። «ቭ» ያለባቸው ስሞች በአዛውንቶች አፍ ሊብ፣ ኡላብ፣ ጉስታብ እንደሚሆኑ ግን እያወቃችሁ ተቀበሉ።

መፈተኛው እንዲህ ነው፦ ስሙን በአማርኛ ብቻ ጽፋችሁ ሰምተውት ለማያውቁ ሦስት ሰዎች አስነብቡ፣ አንዱ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ፣ አንዱ አዛውንት ይሁኑ። ሁለቱ ከተሳሳቱ አጻጻፉን ቀይሩ። ከዚያ ለሌላ ሰው በስልክ ንገሩትና በላቲን እንዲጽፈው አድርጉ፤ የሚሳሳትባት ሆሄ ነገ ጸሐፊው የሚሳሳትባት ናት።

ወረዳ ላይ

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት የሚመዘገበው በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ሆስፒታሉ ወይም ጤና ጣቢያው የሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያና የሁለቱንም ወላጆች መታወቂያ ይዛችሁ ወደምትኖሩበት ወረዳ ትሄዳላችሁ። ከእነዚህ ጋር አንድ ወረቀት ጨምሩ፦ የልጁን ሙሉ ስም በአማርኛና በላቲን፣ በትልልቅ ሆሄ በኮምፒውተር የታተመ። በቃል ከነገራችሁት ጸሐፊው በሚያውቀው ይጽፋል፤ ጥፋቱም የሱ አይሆንም። ሰርተፊኬቱ በሁለቱም ቋንቋ ስለሚወጣ ከመታተሙ በፊት ስክሪኑን ወይም ረቂቁን አሳዩን በሉና ሆሄ በሆሄ አመሳክሩ፤ ፆታውንና የልደት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እዩ። ማኅተም ካረፈ በኋላ ማረም ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ማስረጃና ሌላ ምልልስ ነው።

አባትየው የሰሜን ሰው ሲሆን አንድ ነገር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። በኛ መዝገብ የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይከታተላሉ። በነሱ የልጅ ስምና የቤተሰብ ስም ነው። ኤሪክ የተባለ አባት ያላት ሊቭ እዚህ «ሊቭ ኤሪክ» ስትሆን እዚያ በአባቷ የቤተሰብ ስም ትጠራለች፤ ሁለቱ ወረቀቶች የሁለት ልጆች ይመስላሉ። የአባትየውን ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ፤ የቤተሰብ ስሙ በየትኛው ቦታ እንደሚገባ ከመመዝገባችሁ በፊት መዝጋቢውንም ኤምባሲውንም ጠይቁ። ሁለቱም ወላጆች ኢትዮጵያውያን ሆነው እዚያ ለሚኖሩም ያው ጥያቄ ተገልብጦ ይመጣል፦ የአባት ስም ነው ወይስ የአያት ስም የቤተሰብ ስም የሚሆነው? ለመጀመሪያው ልጅ የወሰናችሁትን ለሁሉም ያዙ፤ አለዚያ ወንድምና እህት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይቀራሉ።

ይህን ለእነሱ ዘመዶች ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ ቅድመ አያቶቻቸው በአባት ስም ይጠሩ ነበርና። ኤሪክሶን ማለት የኤሪክ ልጅ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1828፣ ስዊድን በ1901፣ ኖርዌይ በ1923 ባወጧቸው ደንቦች ነው ቋሚ የቤተሰብ ስም እየተተካ የሄደው። አይስላንድ ዛሬም በአባት ወይም በእናት ስም ላይ «ሶን» ወይም «ዶቲር» ጨምራ ትጠራለች፤ ሰውን ሲጠሩም እንደኛው በራሱ ስም ነው።

እዚያም ቀነ ገደብ አለ። እዚያው ለሚወለድ ልጅ ስዊድን በ3 ወር፣ ኖርዌይና ዴንማርክ በ6 ወር ውስጥ ስም እንዲወጣለት ይጠይቃሉ። ዴንማርክ የጸደቁ ስሞች ዝርዝር አላት፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስም በማመልከቻ ነው የሚፈቀድ። ስዊድንና ኖርዌይ እንዲህ ያለ ዝርዝር የላቸውም፤ ልጁን የሚጎዳ ወይም የሚያሳፍር ነው ያሉትን ስም ግን ሊከለክሉ ይችላሉ። አንድ አማርኛ ስም ለሁለተኛ ስምነት መጨመር በሦስቱም የተለመደ ነው፤ ሊቭ ሕይወት፣ ማግኑስ ካሣ ብሎ መመዝገብ ይቻላል። እዚህም ያንኑ ሁለተኛ ስም ከፈለጋችሁ ከልጁ ስም ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ ክፍት ቦታ ተብሎ በአባት ስም ሣጥን ከተጻፈ ማግኑስ የካሣ ልጅ ሆኖ ይመዘገባል።

ሰርተፊኬቱ ከወጣ በኋላ ላቲኑን ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርትና የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲሞላ ከዚያ ላይ እያያችሁ አስገልብጡ እንጂ በቃል አትንገሩ። ሁለት የተለያየ አጻጻፍ ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ የልደት ሰርተፊኬቱን መነሻ አድርጋችሁ ሌሎቹን አስተካክሉ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ከሆነ የሚነካው ሁለት ወይም ሦስት ወረቀት ብቻ ነው።